ፕላዝማ ካለ ብርጭቆ ወረቀቱን እንጣለው? ሪቬቱንስ? የአንድ ረጅም ክር ሂደት

ይህ የመድረካችን የውይይት ክር ረዝሟል። ዛሬ የሚገባ ሰው ሁለቴ የተመለሰውን ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ ቃል ላስቀምጥ። የራሴንም አስተያየት በየመሃሉ ጣል አደርጋለሁ።

ክሩን የከፈተው ሰው የኮምፖዚት አውሮፕላን ክፍሎች ላይ ይሠራል። ሥራው ከካርቦን ፋይበርና ኤፖክሲ ከሚባል የሚጠነክር ሙጫ በተሠራ ልባስ ላይ ማጠንከሪያ ዘንጎችን በማጣበቂያ መለጠፍ ነው። ሁለቱም ክፍሎች ቀድመው አውቶክሌቭ (በሙቀትና በግፊት የሚያጠነክር ምድጃ) ገብተው የጠነከሩ ናቸው። እስካሁን ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋሉ፣ በአሴቶን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ይለጥፋሉ። በቅርቡ ግን ክፍት አየር ላይ የሚሠራ የፕላዝማ አፈሙዝ ተውሰው ትንንሽ ናሙናዎች ላይ ሞከሩ። ሁለት ቁራጮች ጫፍና ጫፋቸው ተደርቦ ተጣበቀ፤ ከዚያ እስኪላቀቁ ድረስ ተጎተቱ። ፕላዝማ የነካቸው የበለጠ ኃይል ቻሉ። ውጤታቸውም ከናሙና ናሙና ብዙ አይዋዥቅም።

ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ነገር አለ። መፈግፈጉ ይቅር። በአሴቶን መጥረጉም ይቅር። እንዲያውም መጋጠሚያው ላይ ለጥንቃቄ የሚመቱት ሪቬቶች (ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ሁለት ክፍል የሚይዙ የብረት ካስማዎች) ይቅሩ፤ ቀዳዳ መብሳት ፋይበሩን መቁረጥ ነው፣ ሪቬቱም ክብደት ነው። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ያምጣ ብሎ ዘጋ። ድፍረቱን ወድጄለታለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው ሰው የሚያናግር።

1ኛው መልስ ጨዋና ረጅም ነበር፤ ለጀማሪዎች ሲል ከሥሩ ጀመረ። ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁለት ጋዝ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ኧርቪንግ ላንግሚር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928። በአፈሙዙ ውስጥ የታመቀ አየር በከፍተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ መሃል ያልፋል። ሲወጣ ሥራ ፈላጊ ኦክስጅን ተሸክሞ ነው። ኦክስጅኑ ገጹ ላይ ያለውን ስስ ቆሻሻ ያቃጥላል። ከዚያ የኤፖክሲውን የላይኛ ሞለኪዩሎች ይከፍትና ሃይድሮክሲል፣ ካርቦኒል፣ ካርቦክሲል የሚባሉትን ኦክስጅን ያዘሉ ቡድኖች ይተክልባቸዋል። ማጣበቂያው እነዚህን ሲያገኝ በደንብ ይዘረጋል፣ በደንብም ይይዛል። ለውጡ የሚገባው ናኖሜትሮች ያህል ብቻ ነው። ፋይበሩ ጋ አይደርስም። ብርጭቆ ወረቀት ግን በስህተት ፋይበሩን ሊበላ ይችላል። እስከዚህ ድረስ ለከፋቹ የሚያግዝ ነው።

2ኛው ብዙ አልጻፈም፣ ፎቶ ለጠፈ። አፈሙዙ መሃሉን አንዴ ብቻ ያለፈበት ጥቁር ፓነል ነው። ሰውየው ከዳር እስከ ዳር በተርታ የውሃ ጠብታ ጥሎበታል። ዳር ያሉት ጠብታዎች ድብልብል ብለው ቆመዋል፣ መብራቱ አናታቸው ላይ ያበራል። መሃል ያሉት ጠፍጣፋ ሆነው እርስ በርስ ተያይዘዋል። የሁለቱ ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። 3ኛው ይህን አይቶ፣ ውሃ ከተዘረጋ ገጹ ንጹሕ ነው፣ ነገሩ አለቀ አለ። አላለቀም።

4ኛው ጠያቂ ነው፤ አየሩ ተመጥጦ የሚሠራው የፕላዝማ ሳጥን ከክፍት አፈሙዙ አይሻልም ወይ? 5ኛው መለሰለት። ሳጥኑ ሁሉንም ጎን እኩል ያክማል፣ ለትንንሽ ክፍሎች ግሩም ነው። የክንፍ ልባስ ግን ሳጥን ውስጥ አይገባም። አፈሙዙ ሮቦት ክንድ ላይ ተገጥሞ የፈለግኸው ርዝመት ላይ ይሄዳል።

6ኛው ነገሩን ወደ ፒል ፕላይ ወሰደው። ለማያውቁት፣ ፒል ፕላይ ክፍሉ ከመድረቁ በፊት ላዩ ላይ የሚነጠፍ፣ ልክ ከመለጠፉ በፊት የሚገፈፍ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲገፈፍ ከሥሩ አዲስ ገጽ ይወጣል። እንግዲህ አዲስ ገጽ ካለ መፈግፈግም ፕላዝማም ለምኑ ነው አለ ሰውየው። 7ኛው ቆጣ ብሎ መለሰ። የጨርቁ ንድፍ እንደሚቀረው ሁሉ ከጨርቁ የወጣ ቅሪትም ይቀራል። በቀላሉ እንዲገፈፍ ማላቀቂያ የተቀባ ፒል ፕላይ ተጠቅሞ ማጣበቅ ደግሞ ራስን ማታለል ነው፤ ማላቀቂያው ሥራውን ገጹ ላይ ሆኖ ይቀጥላል። 8ኛው አረጋጋቸው። ናይለንና ፖሊስተር ጨርቅ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ማጣበቂያ ከአንዱ ጨርቅ በኋላ በደንብ ይይዛል፣ ከሌላው በኋላ እንደ ወረቀት ይላቀቃል። ስለዚህ ጨርቁ፣ ኤፖክሲውና ማጣበቂያው አብረው መፈተን አለባቸው። አንዱን ቀይሮ የድሮውን ውጤት መጥቀስ አይሠራም።

9ኛው መልስ የክሩ አጥንት ነው። የጻፈው ሰው ሥራው የገጽ ኬሚስትሪ መለካት ነው። ፕላዝማ ሁሉንም ቆሻሻ እኩል አያጠፋም ብሎ ጀመረ። የጣት ስብ፣ ስስ የዘይት ቅሪት፣ ከአየር ላይ የሚያርፍ ካርቦናማ ነገር ተቃጥሎ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ሲሊኮን (ሲሊከንና ካርቦን ያሉበት፣ ቅባትና ማስቲሽ ውስጥ የሚገኝ ነገር) ግን ሌላ ነው። ካርቦኑ ይሄዳል፣ ሲሊከኑ ግን ኦክስጅን ይዞ እዚያው ይቀራል። ገጹ ላይ መስታወትነት ያለው ስስ ቅርፊት ይሠራል። መስታወታማ ገጽ ደግሞ ውሃ ይወዳል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጠብታ ብትጥልበት ይዘረጋል። ስለዚህ ገጹ በውሃ ፈተናው ንጹሕ ተብሎ ያልፋል። ከቅርፊቱ ሥር ያልተቃጠለ ሲሊኮን ካለ ግን ማጣበቂያው የያዘው ኤፖክሲውን አይደለም፤ የላላ ነገር ላይ የተቀመጠውን ቅርፊት ነው። ሲሊኮኑ እጅግ ስስ ከሆነ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ወፈር ካለ መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል፣ ፈተናው ደግሞ ምንም አልነገረህም። የሰውየው ምክር እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥረግ። ከዚያ ገና ፕላዝማ ያልነካውን ገጽ መርምር። ከዚያ ነው ፕላዝማ። ከፕላዝማ በኋላ የሚደረግ የጠብታ ፈተና አፈሙዙ መሥራቱን ይነግርሃል እንጂ ገጹ ንጹሕ እንደነበረ አይነግርህም። ሲሊከን ስንት እጅ እንዳለ ለማወቅ የገጹን አተሞች በኤክስሬይ የሚለይ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ናሙና ላይ እንጂ ሙሉ ክንፍ ላይ አትጠቀመውም።

እኔ በበኩሌ ይህን መልስ ከክሩ አናት ላይ ሰቅየዋለሁ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ሁሉ የዚህ ልጅ ነው።

10ኛው ራሱ ከፋቹ ነበር፤ ተናዷል። እኛ ጋ ሲሊኮን የሚባል ነገር አይገባም፣ ደንቡ ይከለክላል አለ። 11ኛው ደንብና ገጽ አንድ አይደሉም ሲል መለሰለት፤ ሲሊኮን የሚመጣባቸውንም መንገዶች ዘረዘረ። ከቅርጽ ማውጫው ማላቀቂያ። ሌላ ክፍል ውስጥ ከተረጨ የማሽን ቅባት። ከሠራተኛ የእጅ ክሬም። ከማሸጊያ ማስቲሽ። ከታመቀ አየር ቱቦ ከሚወጣ ጭጋግ። ሲሊኮን የለንም የሚል ሰው ገና አልለካም ማለት ነው ብሎ ጨረሰ። አነጋገሩ ኮምጠጥ ያለ ነበር። ቢሆንም ሐሳቡን የሚያስተባብል አልተገኘም። 12ኛው ስለ እጅ ክሬም ቀልዶ አለፈ።

13ኛው ወደ ሙከራው ዞረ። ይህ ሰው ክፍሎችን እየሰበረ የሚኖር ሰው ነው፣ ሥራው ይኸው ነው። ደርቦ መጎተት የገጽን ችግር ለመለየት ደካማ ፈተና ነው ይላል። የቁስል ፕላስተርን ወደ ጎን ብትስበው ይታገልሃል፣ ከጫፉ ብታነሣው ግን ተልጦ ይመጣል። ገጹ መጥፎ መሆኑ የሚታወቀው ሲላጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰሌዳ አጣብቆ፣ አንዱ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ጀምሮ፣ ሁለቱን ወደ ላይና ወደ ታች መክፈት ያስፈልጋል። ስንጥቁ ወደፊት እንዲሄድ የሚፈልገው ጉልበት በጁል በካሬ ሜትር ይለካል። ከቁጥሩ በላይ ደግሞ የተሰበረው ፊት ነው የሚናገረው። ማጣበቂያው ራሱ መሃሉን ተሰንጥቆ በሁለቱም ፊት ላይ ከቀረ ጥሩ ነው። ኮምፖዚቱ ራሱ ከላይኛው ንብርብሩ ከተቀደደም ገጹን አትጠራጠረው። ማጣበቂያው በሙሉ አንዱ ፊት ላይ ቀርቶ ሌላው ፊት ባዶ ከሆነ ግን ቁጥሩ የፈለገውን ያህል ቢያምር ሂደቱ ወድቋል። በተለይ እርጥበትና ሙቀት ውስጥ ከቆየ በኋላ። የፊቶቹን ፎቶ አምጣ አለው።

14ኛው ከፋቹ ነው፣ ፎቶ ይዞ መጣ። ይህን ማድረጉ ያስመሰግነዋል፤ ብዙዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ይጠፋሉ። በአሴቶን ብቻ የተጠረገው ናሙና አንዱ ፊት ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፣ የፒል ፕላዩ የሽመና ንድፍ አንድም ሳይጎድል ይታያል። ማጣበቂያው ያንኑ ንድፍ ገልብጦ ማዶ ላይ ተቀምጧል። ፕላዝማ የነካው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የተቦጫጨቁ ጥቁር ፋይበሮች ማጣበቂያው ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል።

15ኛው ፎቶውን ከከፋቹ በላይ አየው። ከፕላዝማ ናሙናዎቹ አንዱ ላይ፣ ጠርዙን ይዞ፣ ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። አፈሙዙ ሲመላለስ ሁለት መስመሮች ሳይደራረቡ ቀርተዋል ማለት ነው። መሃሉ ጎበዝ፣ ጠርዙ ባዶ። መላጥ የሚጀምረው ደግሞ ከጠርዝ ነው። ከፋቹ መልስ አልሰጠበትም፣ ግን በኋላ ሐሳቡን ሲያስተካክል ይህን አልረሳውም።

ከ16 እስከ 18 ክሩ መንገድ ሳተ። 16ኛው አፈሙዙን ቀረብ አድርገን ቀስ ብለን ብናስኬደው የበለጠ አይጠነክርም ወይ አለ። 17ኛው አይሆንም አለው። ሲበዛ ኤፖክሲው ይጎዳል፣ የተቆራረጡ ትንንሽ ሞለኪዩሎች ገጹ ላይ ይከማቻሉ። ማጣበቂያው እነሱን ይይዛል፣ እነሱ ግን ሥር የላቸውም። ርቀት፣ ፍጥነትና ኃይል ሦስቱም ተወስነው መቆለፍ አለባቸው። 18ኛው ስለ ኦዞን አነሣ። አፈሙዙ ኦዞንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ያወጣል። መምጠጫ ሳይገጥሙ ዝግ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ሳንባቸውን እየጎዱ ነው። ከዚያ ስለ ኮምፕረሰር ጩኸት ወሬ ተጀመረና እኔው ቆረጥኩት።

19ኛው ነው ሪቬቱን ያነሣው፤ ቃናውም የሰላ ነበር። ማጣበቂያን ብቻ ማመን ምን እንደሚያስከትል ለማየት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1988ን አስታውሱ አለ። የአሎሃ አየር መንገድ በረራ 243፣ ቦይንግ 737-200፣ ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ እየበረረ ሳለ በ24,000 ጫማ ከፍታ ላይ የፊተኛው አካሉ ጣሪያ ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ፤ አብራሪዎቹ ማዊ ላይ አሳረፉት። አውሮፕላኑ ከ89,000 በላይ በረራዎች አድርጎ ነበር። ሰሌዳዎቹ ሲገጠሙ ማጣበቂያው በቀዝቃዛ የሚደርቅ ዓይነት ነበር። የያዘው ግን በደንብ አልነበረም። ሲላቀቅ እርጥበት ገባ፣ ዝገት ተከተለ። ሸክሙም ሁሉ ሪቬቶቹ ላይ ወደቀና ከየቀዳዳቸው የድካም ስንጥቅ (ጫና ሲደጋገም የሚመጣ) ተነሣ።

20ኛው ወዲያው አረመው። ያ አልሙኒየም ነው እንጂ ኮምፖዚት አይደለም፤ ፕላዝማም የለበትም። እንዲያውም የተሰነጠቀው የሪቬቱ ቀዳዳ ጋ ነው፤ ምሳሌው ለከፋቹ ያደላል አለ። 21ኛው ገባበት፤ ቁሱ ሌላ ነው፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ገጹ በወጉ ካልተዘጋጀ መጋጠሚያው የመጀመሪያ ቀን ይይዛል፣ ከዓመታት በኋላ ይለቅቃል፣ ማንም ሳያውቅ። ጨምሮም በ1970ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል ፓብስት በሚባለው ፕሮግራም ሪቬት የተቀነሰበት፣ በማጣበቂያ የተያያዘ የአልሙኒየም አካል ሲሠራ ገጹን በአሲድ ማዘጋጀቱ ላይ ምን ያህል እንደተደከመ አነሣ። እኔን ከጠየቃችሁ የ20ኛው እርማት ልክ ነው፣ የ21ኛው ነጥብ ደግሞ ይበልጣል።

22ኛው ስሜቱን ትቶ ወደ ደንቡ ሄደ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ኤሲ 20-107ቢ በሚባለው መመሪያ ላይ፣ ቢላቀቅ አውሮፕላኑን የሚያጠፋ መጋጠሚያ ከሦስት መንገድ በአንዱ መረጋገጥ እንዳለበት ሰፍሯል። አንደኛ፣ መላቀቁ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ በዲዛይን ማገድና በዚያ መጠንም ቢሆን ሸክሙን መቻሉን ማሳየት። ሁለተኛ፣ የተመረተውን እያንዳንዱን ክፍል እስከ ወሰኑ ሸክም ጭኖ መፈተን። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱን መጋጠሚያ ጥንካሬ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ፣ ክፍሉን የማይሰብር ምርመራ ማድረግ። ሪቬቶቹ በመጀመሪያው መንገድ ይመደባሉ። ማጣበቂያውን ለማገዝ አይደሉም፤ መላጥ ቢጀምር እዚያ ጋ እንዲቆም ነው። ፕላዝማ ከሦስቱ አንዱንም አይተካም።

23ኛው እንግዲህ ሦስተኛውን እንያዝ፣ አልትራሳውንድ አለን አለ። 24ኛው ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የመለሰ ይመስላል፣ በትዕግሥት ነው የጻፈው። አልትራሳውንድ ክፍተት ያያል። አየር የገባበትን፣ ማጣበቂያ የጎደለበትን፣ የተላቀቀውን ያሳያል። ሁለቱ ፊቶች ተነካክተው፣ ግን በወጉ ሳይያያዙ ከቀሩ ድምፁ ያልፋል። ምስሉ ላይ ምንም እንከን የለም። ደካማው መጋጠሚያ ከጠንካራው አይለይም። በሌዘር የድንጋጤ ሞገድ ልኮ መጋጠሚያውን በልክ የሚፈትን ዘዴ አለ፤ ደካማው ይከፈታል፣ ጠንካራው ይቋቋማል። ግን እሱ ገዝተህ ነገ የምትተክለው ዕቃ አይደለም።

25ኛው ከፋቹ ነው፣ አሁን ምሬት አለበት። ሪቬቱ ካልቀረ፣ ጥረጋው ካልቀረ፣ ጠብታው ካልታመነ ፕላዝማው ታዲያ ለምን ይበጃል አለ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። 26ኛው ደግሞ ጥሩ አድርጎ መለሰው። የብርጭቆ ወረቀት ሥራ በሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የጠዋቱ ሠራተኛና የማታው አንድ ዓይነት አይጫኑም። አቧራውም ለብቻው ችግር ነው። አፈሙዙ ግን በተቆለፈ ርቀትና ፍጥነት ይሄዳል፤ የሠራውን መዝግበህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ከፋቹ ራሱ የውጤቱ መዋዠቅ መቀነሱን አይቷል፤ ትልቁ ድል ያ ነው፣ የአማካዩ ከፍ ማለት አይደለም። ቴርሞፕላስቲክ (ሲሞቅ የሚለሰልስ ፕላስቲክ) ላይ ስትመጣማ ነገሩ ይለያል። ፒክና ፒፒኤስ የሚባሉት ቁሶች ኤፖክሲ ማጣበቂያን በቀላሉ አያስጠጉም። ብትፈገፍጋቸውም ኬሚስትሪያቸው ያው ነው። እነሱን ፕላዝማ ይለውጣቸዋል።

27ኛው የታከመ ፓነል ስንት ሰዓት ይጠብቃል አለ። 28ኛው ሰዓታት፣ 29ኛው ሳምንታት ብለው ተፋጠጡ። ሁለቱም የራሳቸውን ቁስ ይዘው ነው የሚከራከሩት። የተተከሉት ቡድኖች ከጊዜ ጋር ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ ከአየርም አዲስ ቆሻሻ ያርፋል። ፍጥነቱን ቁሱ፣ ሙቀቱና አቀማመጡ ይወስነዋል። በራስህ ቁስ ለክተህ ወሰኑን የሥራ መመሪያህ ላይ ጻፍ፣ ከዚያ ያለፈውን ድገም። እዚህ ላይ ዳኛ አያስፈልግም።

30ኛው አጭር ግን የተረሳ ነገር ነው። ኮምፖዚት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ማጣበቂያው በሙቀት ሲደርቅ ያ እርጥበት ተን ሆኖ ወጥቶ አረፋ ይሠራል። ፕላዝማ የሚነካው ቆዳውን ብቻ ነው፣ ውስጡን አያደርቅም። ማድረቂያ ምድጃው ሥራ አልፈታም።

31ኛው የከፋቹ አዲስ ዕቅድ ነው። ጥረጋው ይቀጥላል፤ መጀመሪያ በረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያ አሴቶኑ ሳይተን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ። ሪቬቱም ባለበት ይቆያል። የአፈሙዙ መስመሮች ይደራረባሉ። ከፓነሎቹ ጥቂቶቹን ሆን ብሎ በሲሊኮን ሊበክል፣ የተወሰኑትን ጠርጎ የተወሰኑትን ሳይጠርግ በፕላዝማ ሊያክም፣ ከዚያ እርጥበት ውስጥ አቆይቶ ሊልጣቸው ነው። መፈግፈግ አያስፈልግም የሚለውን ግን አልተወም። 7ኛውና 13ኛው መላሾች በዚህ አይስማሙም፤ 26ኛው ይስማማል። እኔም ከ26ኛው ጋር ነኝ፣ የተበከሉት ፓነሎች ተልጠው ፊታቸው እስኪታይ ድረስ።

32ኛው ይኸው አፈሙዝ ታይታኒየም ላይ ይሠራል ወይ ብሎ ጠይቋል። ብረቱ የራሱ ኦክሳይድ ስላለው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለብቻው ክር ከፍቼለታለሁ፣ እዚያ ቀጥሉ።